ጉልበቱን ለሚያመው ወይም በዊልቸር ለሚሄድ ሰው የውጭ አገር ጉዞ አዘገጃጀት

«እማዬ ጉልበቷን ያማታል። ብቻዋን ወደ አሜሪካ ልትመጣ ነው። ዊልቸር እንዴት ነው የሚታዘዘው? ይከፈልበታል እንዴ?» ይህ ጥያቄ በየጊዜው ይደርሰኛል። ከሲልቨር ስፕሪንግ ይመጣል፣ ከፍራንክፈርት ይመጣል፣ አባቱን ለፋሲካ ኢየሩሳሌም ሊወስድ ካሰበ የአዲስ አበባ ልጅም ይመጣል። ለእያንዳንዱ ለየብቻ ከመመለስ አንዴ ልጻፈው ብዬ ነው።

አጭሩ መልስ፦ አይከፈልበትም። ግን «ዊልቸር ይታዘዝልኝ» ማለት ብቻውን አይበቃም። ተጓዡ ምን እንደሚችልና ምን እንደማይችል በትክክል ካልተነገረ፣ ዊልቸሩ መጥቶም ሰውየው ደረጃ ሥር ሊቆም ይችላል። ቅደም ተከተሉን ከቦሌ የሚነሣ ተጓዥን አስቤ ጽፌዋለሁ። ከሌላ ቦታ የምትነሡም አብዛኛው ይሠራላችኋል።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ፓስፖርት፣ ቪዛ እና የቲኬቱ የሪዘርቬሽን ቁጥር
- የልብስ ሰፊ ሜትር (ዊልቸሩንም በሩንም ትለኩበታላችሁ)
- መድኃኒቶቹ ከነካርቶናቸው፣ ከእንግሊዝኛ የሐኪም ማዘዣ ጋር
- የተጓዡን ሁኔታ፣ የተቀባዩን አድራሻና ስልክ በአማርኛና በእንግሊዝኛ የያዘ አንድ ገጽ
- የራሳቸው ዊልቸር ካላቸው፣ ከየአቅጣጫው የተነሣ ፎቶ፣ ክብደቱና ልኩ
- የመቀመጫ ስፖንጅ ወይም ትራስ
- ቅያሪ ልብስ፣ እርጥብ ሶፍት፣ እንደ አስፈላጊነቱ ዳይፐር
- ለባትሪ ዊልቸር፣ የባትሪው ዓይነትና ጉልበት የተጻፈበት ወረቀት

1. ሰውነታቸው የሚችለውንና የማይችለውን ጻፉ

ቲኬት ከመጠየቃችሁ በፊት ወረቀት አውጡና እነዚህን መልሱ፦

- ሳያርፉ ምን ያህል ይሄዳሉ? ከቤት እስከ ታክሲ? ወይስ ከሳሎን እስከ መኝታ ቤት?
- ደረጃ ይወጣሉ? ይወርዳሉስ? ጉልበት ለታመመ ሰው ብዙ ጊዜ መውረዱ ይብሳል።
- ዝቅ ካለ መቀመጫ ሳይደገፉ ይነሣሉ?
- ከዊልቸር ወደ ሌላ ወንበር ራሳቸው ይሻገራሉ ወይስ ሰው ማንሣት አለበት?
- ሽንት ቤት ብቻቸውን ይጠቀማሉ?
- ቀጥ ብለው ስንት ሰዓት መቀመጥ ይችላሉ?
- ጆሮና ዓይናቸው እንዴት ነው? መርሳትስ አለ?

የዊልቸሩ ዓይነት፣ ወንበሩ፣ የትራንዚቱ ርዝመት፣ ሰው አብሯቸው ይሂድ አይሂድ፣ ሁሉም የሚወሰነው በዚህ ወረቀት ነው።

ወላጆቻችን ላይ ግን ተጠንቀቁ። በስልክ ስትጠይቋቸው «ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ እችላለሁ» ነው የሚሏችሁ። ልጅ እንዳይጨነቅ ብለው ነው። ስለዚህ በቃላቸው ብቻ አትሂዱ። አብሯቸው ያለ ሰው አንድ ፎቅ ያውጣቸውና ያውርዳቸው፤ ሲነሡና ሲቀመጡም ቪዲዮ ቀርጾ ይላክላችሁ። መልሱን የምትጽፉት በክፉ ቀናቸው ልክ ይሁን። ከረጅም በረራ በኋላ እግር አብጦ የሚወርድ ሰው ጠዋት ቤቱ ውስጥ የሚችለውን ያህል አይችልም።

2. ትክክለኛውን የዊልቸር ዓይነት ለዩ

አየር መንገዶች በዓለም ሁሉ የሚግባቡባቸው ሦስት መለያዎች አሉ። ልዩነታቸው የመጨረሻዋ ፊደል ናት።

- ደብሊው ሲ ኤች አር፦ ረጅም መንገድ መሄድ አይችልም፤ ደረጃ ግን ይወጣል፣ ይወርዳል። አውሮፕላን ውስጥም ራሱን ችሎ ይሄዳል።
- ደብሊው ሲ ኤች ኤስ፦ ደረጃ አይችልም። አውሮፕላኑ ውስጥ ከገባ ግን ቀስ ብሎ ወንበሩ ጋ ይደርሳል።
- ደብሊው ሲ ኤች ሲ፦ ጭራሽ አይራመድም። እስከ ወንበሩ ድረስ መወሰድ፣ ወንበሩ ላይም መቀመጥ አለበት።

ዝም ብላችሁ «ዊልቸር» ካላችሁ ብዙ ጊዜ የሚመዘገበው የመጀመሪያው ነው። ችግሩ የሚመጣው አውሮፕላኑ ከተርሚናሉ ድልድይ ርቆ ሲቆም ነው። ቦሌ ላይ ይህ ብርቅ አይደለም፤ ተሳፋሪው በአውቶቡስ ሄዶ በደረጃ ይሳፈራል። በ«አር» የተመዘገበ ሰው ደረጃውን ይወጣል ተብሎ ነው የሚታሰበው። በ«ኤስ» ወይም በ«ሲ» የተመዘገበ ግን ወደ ላይ የሚያነሣው ሊፍት ያለው መኪና ይዘጋጅለታል። ያ መኪና ደግሞ በመጨረሻ ደቂቃ ስትጠሩት ከተፍ የሚል ዕቃ አይደለም።

ከክፍለ ሀገር ለሚነሣ ሰው ነገሩ ይብሳል። ከጎንደር፣ ከጅማ ወይም ከደሴ ወደ አዲስ አበባ ብዙ ጊዜ የሚያመጣው ዳሽ 8 የተባለው ባለ ፕሮፔለር አውሮፕላን ነው። መሳፈሪያው የራሱ ጠባብ ደረጃ ነው። እናታችሁ ከደሴ እስከ ዋሽንግተን በአንድ ቲኬት ቢመጡ እንኳ፣ ከባዱ ደረጃ የሚገጥማቸው መጀመሪያ ላይ፣ አገር ውስጥ ነው። ስለዚህ ጥያቄው ለእያንዳንዱ በረራ ለየብቻ መመዝገቡን አረጋግጡ።

በ«አር» እና በ«ኤስ» መካከል ከተጠራጠራችሁ «ኤስ»ን ምረጡ። ደረጃ ሥር ቆሞ ከመለመን ሊፍት ተዘጋጅቶ ሳያስፈልግ ቢቀር ይሻላል።

3. መንገዱን ምረጡ፣ ከዚያ ቲኬት ቁረጡ

ዋጋ ብቻ አትዩ። ለዚህ ዓይነት ተጓዥ ርካሹ ቲኬት ብዙ ጊዜ ሁለት ትራንዚት ያለው ነው። እያንዳንዱ ትራንዚት ማለት ደግሞ አንድ ተጨማሪ ርክክብ ነው። አንዱ ገፊ ያወርዳል፣ ሌላው ይረከባል። ሰው የሚረሳው በርክክቡ መሐል ነው።

- ቀጥታ በረራ ካለ እሱን ውሰዱ። መሐል ላይ አርፎ የሚቀጥል በረራም ቢሆን አውሮፕላን እስካልተቀየረ ድረስ ችግር የለውም።
- ሁሉም በረራ በአንድ ቲኬት ይሁን። በተለያየ ቲኬት ከሆነ የሁለተኛው አየር መንገድ ስለ መጀመሪያው አያውቅም። ሻንጣ አውጥቶ እንደገና ማስገባት ይመጣል፤ ዊልቸሩም እዚያው ያበቃል።
- ትራንዚት ካለ ከ3 ሰዓት አይነስ። ዊልቸር ያዘዘ ሰው ሲሳፈር ቀድሞ ይገባል፣ ሲወርድ ግን መጨረሻ ነው። ሌላው ሁሉ ወርዶ እስኪያልቅ ይጠብቃል። በወረቀት ላይ በቂ የሚመስል የአንድ ሰዓት ተኩል ትራንዚት በዚህ ያልቃል።
- የአውሮፕላኑን ዓይነት ጠይቁ። ቦይንግ 787 እና ኤርባስ ኤ350 ሁለት መተላለፊያ ያላቸው ሰፋፊ አውሮፕላኖች ናቸው። ሰፋ ያለ ሽንት ቤት የሚገኘው በአብዛኛው በእነዚህ ላይ ነው። ቦይንግ 737 አንድ መተላለፊያ ብቻ ነው ያለው፣ ሽንት ቤቱም ጠባብ ነው።
- የሚደርሱበት ሰዓት ቀን ይሁን። የሚቀበላቸው ሰው ሥራ ላይ ባይሆን፣ የዊልቸር ሠራተኛም በቂ ሲሆን ይመረጣል።

4. ጥያቄውን አስመዝግቡ፤ መመዝገቡንም አረጋግጡ

ቲኬቱን ከድረ ገጽ ከገዛችሁ «ዊልቸር» የምትለዋን ሳጥን መንካት ዋስትና አይሆንም። በተለይ በሦስተኛ ወገን የቲኬት መሸጫ በኩል ከሆነ ጥያቄው አየር መንገዱ ጋ ሳይደርስ ሊቀር ይችላል። ወደ አየር መንገዱ ደውሉ፣ የሪዘርቬሽን ቁጥሩን ስጡና እንዲህ በሉ፦ «ተሳፋሪዋ ደረጃ አይወጡም፤ ኤስ ይመዝገብልኝ፤ በሁሉም በረራ ላይ፣ በመልሱም ላይ።» ከዚያ የተመዘገበውን እንዲያነቡላችሁ ጠይቁ።

ቢያንስ ከበረራው 48 ሰዓት በፊት ይሁን። ቁጥሩ ዝም ብሎ የመጣ አይደለም። በአውሮፓ ኅብረት ደንብ ቁጥር 1107/2006 መሠረት እርዳታው በነፃ እንዲዘጋጅ ማሳወቅ ያለባችሁ 48 ሰዓት ቀድማችሁ ነው። ወደ አሜሪካ በሚገቡና ከአሜሪካ በሚወጡ በረራዎችም አየር መንገዱ ለአንዳንድ አገልግሎቶች ይህንኑ ጊዜ ሊጠይቅ ይችላል። የአካል ጉዳተኛ ተጓዦችን መብት የሚያስጠብቀው የአሜሪካ ሕግ፣ እ.ኤ.አ. በ1986 የወጣው፣ ዛሬ የውጭ አየር መንገዶችንም ይመለከታል።

የሐኪም ወረቀት ያስፈልጋል ወይ? ጉልበት ስለታመመ ወይም ለዓመታት ዊልቸር ላይ ስለተቀመጠ ብቻ በአብዛኛው አያስፈልግም። በቅርቡ ቀዶ ሕክምና የተደረገለት፣ አጥንቱ ተሰብሮ ጀሶ ያለው፣ የልብ ወይም የሳንባ ሕመም ያለበት፣ ኦክስጅን የሚፈልግ ሰው ግን የአየር መንገዱን የጤና ቅጽ በሐኪም አስሞልቶ ፈቃድ ማግኘት አለበት። የራስን የኦክስጅን ሲሊንደር ይዞ መሳፈር በብዙ አየር መንገዶች አይፈቀድም።

> ማስጠንቀቂያ፦ አየር መንገዱ የበረራ ሰዓት ወይም አውሮፕላን ከቀየረ የዊልቸሩ ጥያቄ ከአዲሱ በረራ ላይ ሊጠፋ ይችላል። የለውጥ መልእክት ከመጣላችሁ ያኔውኑ ደውሉ።

ወንበርም አሁን ምረጡ። ራሱን ችሎ ለሚነሣ ሰው መተላለፊያ ዳር፣ ለሽንት ቤት ቀረብ ያለ ይሻላል። ጭራሽ ለማይነሣ ሰው መስኮት ዳር ይሻላል፤ ሌላው ተሳፋሪ እሱን እየተሻገረ አይወጣም። የመደገፊያው ክንድ ወደ ላይ የሚነሣ መሆኑን ጠይቁ፣ አውሮፕላን ውስጥ ከሚገባው ጠባብ ዊልቸር ወደ ወንበሩ መንሸራተት የሚቻለው ያኔ ነው። የአደጋ ጊዜ መውጫ ጋ ያለው ሰፊ ወንበር ግን አይፈቀድም።

5. የራሳቸውን ዊልቸር አዘጋጁ

የራስ ዊልቸር፣ ክራንች ወይም መራመጃ ከሻንጣ ቁጥር አይገባም። በአሜሪካ በረራዎች ላይ ይህ የሕግ ግዴታ ነው። ከአውሮፓ ኅብረት አገር ሲነሡ ደግሞ እስከ ሁለት የሚደርሱ የመንቀሳቀሻ መሣሪያዎች በነፃ ይጫናሉ። «ሁለት ሻንጣ አላችሁ፣ ሦስተኛው ይከፈልበታል» የሚላችሁ ካለ፣ ኃላፊ ጥሩ።

ዊልቸሩን ቼክ ኢን ላይ አትስጡ። «እስከ አውሮፕላኑ በር እጠቀምበታለሁ» በሉ፤ መለያ ይለጠፍበትና እስከ በሩ ይሄዳል። ሲደርሱም በሩ ጋ እንዲመጣ ጠይቁ፤ አንዳንድ ኤርፖርት ግን የሚያመጣው ሻንጣ መቀበያው ጋ ነው። ይህ የሚጠቅመው ሰውየው በለመደው ወንበር ላይ ስለሚቆይ ብቻ አይደለም። ከሻንጣ ጋር ሲንከባለል የሚሰበር ብዙ ነው።

ከመስጠታችሁ በፊት፦

- የሚነቀለውን ሁሉ ንቀሉ። የእግር ማሳረፊያ፣ ትራስ፣ የጎን መከላከያ በአንድ ቦርሳ ይሁኑና ከእናንተ ጋር ይግቡ።
- ስምና ስልክ በእንግሊዝኛ ጽፋችሁ ክፈፉ ላይ ለጥፉ። እንዴት እንደሚታጠፍም በአጭሩ ጻፉ።
- ያለበትን ሁኔታ ፎቶ አንሡ። ቀንና ሰዓቱ በስልኩ ላይ ይመዘገባል፤ ክርክር ከመጣ ማስረጃችሁ እሱ ነው።

ባትሪ ያለው ከሆነ ሥራው ይበዛል። የባትሪው ጉልበት የሚሰላው ቮልቱን በአምፔር ሰዓቱ በማባዛት ነው። 24 ቮልት በ10 አምፔር ሰዓት 240 ዋት ሰዓት ይሆናል። ተነቅሎ የሚወጣ ሊቲየም ባትሪ ከ300 ዋት ሰዓት መብለጥ የለበትም። ተነቅሎም ከተሳፋሪው ጋር ወደ ውስጥ ይገባል እንጂ ከታች አይጫንም፤ እሳት ቢነሣ ሠራተኞቹ ሊደርሱበት ይገባልና። መለዋወጫ አንድ እስከ 300፣ ወይም ሁለት እያንዳንዳቸው እስከ 160 ይፈቀዳል። ጫፎቹን በፕላስተር ሸፍኑ። ይህን ሁሉ አስቀድማችሁ ለአየር መንገዱ ማሳወቅ ግዴታ ነው።

ቁመቱንም ለኩ። የ737 የዕቃ መጫኛ በር ቁመቱ ከ90 ሴንቲ ሜትር ያነሰ ነው። የማይታጠፍ ከባድ የባትሪ ዊልቸር በዚያ በር ቆሞ አይገባም። ይህን ቦሌ ደርሶ ማወቅ ምንም አይጠቅም።

ቻርጀሩ ላይ «100–240» የሚል ጽሑፍ ከሌለ አሜሪካ አይሠራም። የእኛ መብራት 220 ቮልት ነው፣ የእነሱ 120።

6. የሚያርፉበትን ቤት አሁኑኑ ለኩ

ይህን እርምጃ ሰው ሁሉ ይዘለዋል፤ «የልጃቸው ቤት ነው፣ ምን ችግር አለ?» እየተባለ። ችግሩ ያለው እዚያው ነው። በዋሽንግተንና በአካባቢው ያሉ ብዙ ታውን ሃውሶች (ጎን ለጎን ተያይዘው የተሠሩ ባለ ፎቅ ቤቶች) መኝታውም ሻወሩም ፎቅ ላይ ነው። ታች ያለችው ሽንት ቤትና የእጅ መታጠቢያ ብቻ ናት። እናት ሦስት ወር ሊቀመጡ መጥተው በየቀኑ 13 ወይም 14 ደረጃ መውጣት ይጠበቅባቸዋል ማለት ነው።

ለኩ፦

- የበር ስፋት። መደበኛ ዊልቸር ከ60 እስከ 70 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሰፋል። በሩ ሲከፈት 80 ሴንቲ ሜትር ክፍት ቦታ ቢኖር ጥሩ ነው። የድሮ ቤት የሽንት ቤት በር ብዙ ጊዜ ከዚህ ይጠባል።
- ደፍ። መግቢያው ላይ ስንት ደረጃ አለ? በአሜሪካ መለኪያ ራምፕ ለእያንዳንዱ 1 ሜትር ከፍታ 12 ሜትር ይረዝማል። ሁለት ደረጃ ብቻ ቢሆን እንኳ ረጅም ሳንቃ ይጠይቃል።
- የአልጋ ከፍታ። ዝቅ ያለ ፍራሽ ጉልበት ለታመመ ሰው ቅጣት ነው። ሲቀመጡ ጉልበታቸው 90 ዲግሪ ገደማ ቢታጠፍ ይበቃል።
- ሻወር። ገንዳ ውስጥ እግር አንሥቶ መግባት ካለ የሻወር ወንበርና ግድግዳ ላይ የሚታሰር መያዣ ግዙ። ቫኩም ብቻ የሆነውን መያዣ አትመኑት፤ ክብደት ሲያርፍበት ይለቃል።

የሻወር ወንበር፣ ከፍ ያለ የሽንት ቤት መቀመጫና ቀላል ዊልቸር አሜሪካ ውስጥ በፋርማሲዎችና በትልልቅ መደብሮች ይገኛል። ከአዲስ አበባ ማሸከም አያስፈልግም።

ሆቴል ከሆነ «ለአካል ጉዳተኛ ምቹ ነው?» ብላችሁ አትጠይቁ። ሁሉም አዎ ይላል። «ሻወሩ ደፍ አለው ወይ? የበሩ ስፋት ስንት ነው? የመታጠቢያውን ፎቶ ላኩልኝ» በሉ። ፎቶ ሊልክ ያልፈለገ ሆቴል መልሱን ሰጥቷችኋል።

7. መድኃኒት፣ ወረቀት፣ ኢንሹራንስ

መድኃኒት ሁሉ በእጅ ሻንጣ ይግባ፤ ትልቁ ሻንጣ ሊዘገይ ይችላል፣ ኢንሱሊን ደግሞ ከታች ሊቀዘቅዝ ይችላል። ካርቶኑን አትጣሉ።

> ማስጠንቀቂያ፦ ለጉልበትና ለወገብ ሕመም የሚታዘዘው ትራማዶል፣ እንዲሁም ኮዴን ያለባቸው መድኃኒቶች፣ በተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስ ቁጥጥር የሚደረግባቸው ናቸው። ወደ ዱባይ ወይም አቡ ዳቢ የሚገባ ሰው ከአገሪቱ ጤና ሚኒስቴር አስቀድሞ ፈቃድ ያውጣ። «የእኔ አይደለም፣ ለሰው ነው የያዝኩት» የሚል መልስ ነገሩን ያባብሰዋል።

ለሸንገን ቪዛ ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ ኢንሹራንስ ግዴታ ነው። ለአሜሪካ ግዴታ ባይሆንም ግዙ። ውሉን ስታነቡ ቀድሞ የነበረ ሕመምን ይሸፍን እንደሆነ እዩ። ርካሾቹ በአብዛኛው አይሸፍኑም።

8. የጉዞው ቀን፣ ቦሌ

ሸኚ ተርሚናሉ ውስጥ አይገባም። ቤተሰቡ ሁሉ በር ላይ ተሰናብቶ ይመለሳልና፣ ከበሩ በኋላ የሚሆነው በተጓዡ እጅ ነው። ስለዚህ ከበረራው 4 ሰዓት በፊት ድረሱ፣ የዊልቸር ሠራተኛውን እዚያው በሩ ጋ አስጠሩ፤ ተጓዡ ወንበሩ ላይ ሳይቀመጥ አትሂዱ።

ያዘጋጃችሁት ገጽ፣ ፓስፖርቱና ቦርዲንግ ፓሱ አንገት ላይ በሚንጠለጠል ቦርሳ ይሁኑ። እጅ ቦርሳ ውስጥ ከገቡ በየፍተሻው ይፈለጋሉ፣ ሰነዱም እዚያው ይረሳል። የሚወልቅ ጫማ አድርጉላቸው፤ ፍተሻ ላይ ጎንበስ ብሎ ማሰሪያ መፍታት ከባድ ነው።

ቼክ ኢን ላይ ተጓዡ ሦስት ነገር ይበል፦ «ዊልቸሬ ተመዝግቧል ወይ? ደረጃ አልወጣም። ስደርስስ የሚቀበለኝ አለ?» እንግሊዝኛ የማያስፈልግበት የመጨረሻው ቦታ ይህ ስለሆነ ያልተስተካከለው እዚህ ይስተካከል።

9. አውሮፕላን ውስጥ

ሰው ሁሉ ለመጠየቅ የሚያፍረው ስለ ሽንት ቤት ነው። በግልጽ ልናገረው። የበረራ አስተናጋጆች በአውሮፕላኑ ጠባብ ዊልቸር ገፍተው እስከ ሽንት ቤቱ በር ያደርሳሉ። ተሸክመው አይወስዱም፣ ውስጥ ገብተውም አይረዱም። እናታችሁ ውስጥ እርዳታ የሚያስፈልጋቸው ከሆነ ብቻቸውን አይላኩ። አብሯቸው ሰው ይሂድ። ይህ ከሁሉም በላይ ጥብቅ ምክሬ ነው።

ብዙዎች የሚወስዱት መፍትሔ ከቀድሞው ቀን ጀምሮ ውኃ አለመጠጣት ነው። እባካችሁ ተዉ። የአውሮፕላን አየር ደረቅ ነው፣ እግር ሳይንቀሳቀስ ለረጅም ሰዓት ይቀመጣል፣ ደም የመርጋት አደጋው የሚጨምረውም እንዲህ ሲሆን ነው። ከመሳፈር በፊት ተርሚናሉ ውስጥ ሽንት ቤት ይሂዱ፣ ዳይፐር ይልበሱ፣ ውኃ ግን በትንሽ በትንሹ ይጠጡ። የደም ሥር ካልሲ ወይም ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ያስፈልግ እንደሆነ ሐኪማቸውን ቀድማችሁ ጠይቁ።

ገላቸው ስሜት የሌለው ተጓዦች በየ30 ደቂቃው ክብደታቸውን ያዛውሩ። የራሳቸው ስፖንጅ ከታች ይሁን። የመቀመጫ ቁስል በአንድ ሌሊት ይጀምርና ለመዳን ወራት ይፈጃል።

10. ሲደርሱ

ተቀምጠው ይጠብቁ። ዊልቸሩ እስኪመጣ ድረስ «ሰው ሁሉ ወረደ፣ ልነሣ» ብለው እንዳይወጡ አጥብቃችሁ ንገሯቸው። ከበሩ ከራቁ የመጣው ሠራተኛ አያገኛቸውም።

ዋሽንግተን ዳለስ ላይ ብዙ ጊዜ ከመውረጃው እስከ ኢሚግሬሽን የሚወስደው ትልቅ ተንቀሳቃሽ ክፍል የመሰለ ተሽከርካሪ ነው። እናታችሁ «ወዴት ነው የሚወስዱኝ?» ብለው እንዳይደነግጡ ቀድማችሁ ንገሯቸው። ኢሚግሬሽን ላይ አሻራ ይነሣሉ፣ የሚያርፉበትን ይጠየቃሉ። ያችን ገጽ ያሳዩ። ምግብ ካለ «አለኝ» ይበሉ፤ ቋንጣ ግን ከጅምሩ አትጫኑ።

የራሳቸው ዊልቸር ተሰብሮ ከመጣ ከሻንጣ መቀበያው አትውጡ። እዚያው የጉዳት ሪፖርት አስሞሉ፣ ቅጂውን ያዙ፣ ፎቶ አንሡ። አሜሪካ ውስጥ ከሆነ የአካል ጉዳተኞችን ቅሬታ የሚያይ ኃላፊ እንዲመጣ የመጠየቅ መብት አላችሁ። የአየር መንገዶችን ተጠያቂነት በሚወስነው ዓለም አቀፍ የሞንትሪያል ስምምነት መሠረት የተጎዳ ሻንጣ ቅሬታ በጽሑፍ የሚቀርበው በ7 ቀን ውስጥ ነው። የካሣው ጣሪያ ለአንድ ሰው 1,519 ኤስ ዲ አር (የዓለም የገንዘብ ድርጅት የሒሳብ መለኪያ)፣ ወደ 2,000 ዶላር ገደማ ነው። ዊልቸሩ ከዚህ በላይ ውድ ከሆነ ቼክ ኢን ላይ ዋጋውን አስመዝግቡ፣ ተጨማሪ ክፍያ ሊኖረው ይችላል።

11. ከተማው ውስጥ

*ዋሽንግተን፦* የሜትሮው ጣቢያዎች ሁሉ ሊፍት አላቸው። ሲልቨር ላይን የተባለው መስመር ከኅዳር 2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ዳለስ ኤርፖርት ይደርሳል። ከመውጣታችሁ በፊት የተበላሸ ሊፍት አለ ወይ ብላችሁ እዩ። በመደበኛ አውቶቡስ መሄድ ለማይችል እንግዳ የአሜሪካ ሕግ ከቤት ወደ ቤት የሚወስደውን የሕዝብ ትራንስፖርት በዓመት እስከ 21 ቀን ይፈቅዳል፤ ቀድሞ መመዝገብ ያስፈልጋል። የስሚዝሶኒያን ሙዚየሞች መግቢያቸው ነፃ ነው፣ ዊልቸርም በነፃ ያውሳሉ።

*ለንደን፦* ከመሬት በታች ካለው ባቡር ጣቢያዎች አብዛኞቹ ከመንገድ እስከ ባቡሩ ያለ ደረጃ አይወስዱም። ጥቁሮቹ ታክሲዎች ግን ሁሉም ዊልቸር ያስገባሉ።

*ዱባይ፦* የሜትሮ ጣቢያዎቹ ሊፍት አላቸው። ከባዱ ሙቀቱ ነው፤ በበጋቸው ቀትር ላይ የብረት ዊልቸር እጅ ያቃጥላል።

*ኢየሩሳሌም፦* እዚህ ቆም እንበል፤ ከእኛ አገር የሚሄዱት ብዙዎቹ አረጋውያን ናቸው። አሮጌው ከተማ ድንጋይ ንጣፍና ደረጃ ነው። በመንገዱ ሁሉ በዊልቸር ይሄዳሉ ብላችሁ አትገምቱ። ቅድስት ትንሣኤ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ከተገባ ጌታ የተገነዘበት ድንጋይ ታች ስለሆነ ይደርሱበታል። ጎልጎታ ግን ቀጥ ባለ ድንጋይ ደረጃ ነው የሚወጣው፤ የመቃብሩ በርም በጣም ዝቅ ያለ ነው። ወደ ዴር ሡልጣን መውጫውም ደረጃ ነው። ቤተ ልሔም ላይ የልደት ቤተ ክርስቲያን በር 1.2 ሜትር ገደማ ብቻ ነው፣ ወደ ዋሻው መውረጃ ደግሞ ደረጃ አለው። ከቅጥሩ ውጭ ያለችው የእኛዋ ደብረ ገነት ኪዳነ ምሕረት በመኪና ትደረሳለች፤ ለመጀመሪያው ቀን እሷን ያዙ። ከማኅበር ጋር ከሆነ የምትሄዱት፣ የፋሲካ ሰሞን ግፊያውን አስቡና ለአባታችሁ ብቻ የሚመደብ ሁለት ብርቱ ሰው እንዳለ ከመክፈላችሁ በፊት ጠይቁ። «ሁላችንም እንረዳቸዋለን» ማለት ማንም አይረዳም ማለት ነው።

12. መልሱን እንደ አዲስ ጉዞ ያዙት

ከመመለሻው ቀን 48 ሰዓት በፊት ደውላችሁ የዊልቸሩን ምዝገባ እንደገና አስነብቡ። አሜሪካ ውስጥ ለሸኚ ከተጓዡ ጋር እስከ መሳፈሪያው የሚያስገባ ወረቀት አየር መንገዱ ሊሰጥ ይችላል፤ መታወቂያ ይዛችሁ ቼክ ኢን ላይ ጠይቁ። ቦሌ ለሚቀበላቸውም ሰው ዘግይተው እንደሚወጡ ንገሩት።

ብዙ ጊዜ የሚሠሩ ስህተቶች

- «ከሌላ አበሻ ተሳፋሪ ጋር አስተዋውቄያቸዋለሁ» ብሎ ዊልቸር አለማዘዝ። የማያውቁት ሰው ትራንዚቱ ላይ የራሱን በረራ ሊያሳድድ ይሮጣል።
- ለሰው ዕቃ መቀበል። ዊልቸር ላይ ያለ ሰው ሻንጣውን ራሱ አያነሣም። የሚጭኑት ከገፊው አቅም ጋር ይመጣጠን።
- በዓል ዋዜማ መብረር። ዊልቸር የሚያዝዘው ሰው ይበዛል፣ ሠራተኛው ያው ነው።
- ስልካቸው ውጭ እንዲሠራ አለማድረግ። ሮሚንግ አስከፍቱ። ካልሆነም ገጹ ላይ ያለውን ስልክ ለሠራተኛው አሳይተው እንዲያስደውሉ አለማምዷቸው።
- ለገፊው ገንዘብ መክፈል ግዴታ ነው ብሎ ማሰብ። አገልግሎቱ ነፃ ነው። ቲፕ መስጠት ከፈለጉ አሜሪካ ላይ የተለመደ ስለሆነ ጥቂት ዝርዝር ዶላር ኪሳቸው ውስጥ አድርጉላቸው።